ሰይዴ የሰፋችው የስለት ቀሚስ

ቀሚሱ ዛሬም ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከካፖርቴ አጠገብ ተሰቅሏል። ጥቁር ነው፤ መነኮሳት የሚለብሱት ዓይነት፣ ቆብና የገመድ መታጠቂያ ያለው። የሰፋችው ባለቤቴ ሰይዴ ናት። በእኛ በሊባኖስ ክርስቲያኖች፣ በማሮናውያን ዘንድ፣ ለመነኩሴው ለቅዱስ ሻርበል የተሳለ ሰው ስለቱ ሲሰምርለት እንዲህ ያለ ቀሚስ አንድ ወር ሙሉ ይለብሳል። ሥራም፣ ገበያም፣ ቅዳሴም በእሱ ይሄዳል። ስለት ሳይሰምር ግን ቀሚስ አይሰፋም። ይህን ከሊባኖስ ተራራ ይዘነው የመጣን ሁሉ እናውቃለን። ሰይዴም ታውቅ ነበር።

ከሊባኖስ ተሰደን በምንኖርበት አገር፣ ፓንችቦል በሚባል ሠፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሙሽራ ልብስ ሰፍታለች። ልጅ አልወለድንም። ዳንቴልና አዝራር የምትገዛው ከፎርቱኔ ነበር። ፎርቱኔ እስክንድርያ የተወለደች አይሁዳዊት ናት፤ ሱቋን ከዘጋች በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ሐጃ ነዚሃ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለች የሊባኖሷ ትሪፖሊ ሙስሊም ናት፤ አራቱንም ሴት ልጆቿን ለሠርጋቸው ያለበሰችላት ሰይዴ ናት። ሦስቱ ሲገናኙ በአረብኛ ይንጫጫሉ። የእኛን ቤት ምግብ ፎርቱኔ በሃይማኖቷ አትበላም፤ ነዚሃም ሥጋችንን አትነካም። ስለዚህ ከስፌት መኪናው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሳህን መንደሪን ይቀመጥ ነበር።

"መንደሪን ሃይማኖት የለውም" ትል ነበር ፎርቱኔ እየላጠች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ነሐሴ ላይ መንግሥት ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እንዲጋቡ የጋብቻው ሕግ ይቀየር ወይ ብሎ ለሕዝቡ በፖስታ ጥያቄ ሊልክ መሆኑ ተነገረ። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ አስቀምጦን፣ የሰይዴ ቆሽት ላይ ያለው ካንሰር ጉበቷ ደርሷል አለን። ገናን ትደርስ እንደሆነ ጠየቅሁት። "እንሞክራለን" አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋራዡ ስገባ ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስትቆርጥ አገኘኋት።

"ምንድን ነው?"

"የስለቴ ቀሚስ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። "ተመስገን! ግን እኮ ሳይሰምር አይሰፋም፣ ሰይዴ።"

"ሲሰምር የምሰፋበት አቅም ይኖረኛል ብለህ ነው?"

"ትድኛለሽ። ሻርበል ስንቱን ከአልጋ አንስቷል።"

ከከንፈሯ ላይ መርፌውን አነሳች። "ለሕመሙ አይደለም የተሳልኩት፣ ስምዖን። ሕጉ እንዳይወጣ ነው።"

እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። "ሁለቱንም አትለምኚም ነበር?"

"አንድ ስለት ለአንድ ነገር ነው፤ እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚህ ነው። ቅዱሱ እኮ ባለሱቅ አይደለም፣ ዝርዝር የሚሰጡት።"

"ለማታውቂያቸው ሰዎች ሠርግ ብለሽ?"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙሽራ አልብሼ ለተክሊል ሰድጃለሁ። ወንድና ሴት፣ ከእነሱም ልጅ። ለእኛ እግዚአብሔር ባይሰጠንም ነገሩ ያው ነው። ከእሱ የተቀበልነውን በፖስታ የሚቀይሩት ከሆነ እኔ ምን ስሠራ ኖርኩ? መሞት እንደሆነ አይቀርልኝ።"

"እኔስ?" አልኳት።

 አጎንብሳ መቁረጧን ቀጠለች።

ፖስታው በመስከረም መምጣት ሲጀምር ሦስቱ ወጡ። ዓርብ የነዚሃ ነው፣ ቅዳሜ የፎርቱኔ፣ እሑድ የእኛ፤ ስለዚህ ሥራቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሆነ። ሕጉን የሚቃወሙ የቅስቀሳ ወረቀቶችን የገበያ ጋሪ ላይ ጭነው፣ ነዚሃ በሂጃቧ፣ ፎርቱኔ በባርኔጣዋ፣ ሰይዴ በአንገቷ መስቀል፣ በር ለበር እየሄዱ "አይ" ብላችሁ መልሱ ይሉ ነበር። ሰይዴ ጋሪውን የምትገፋው ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ከኋላ በመኪና ቀስ እያልኩ ስከተል አየዋለሁ፤ ጋሪው ነበር የሚያቆማት።

አንድ የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ በሩን ከፍቶ ሳቀ። "ሐጃ፣ እነዚህን ሁለቱን መቼ አሰለምሻቸው?"

"አንተን ሶላት ካስጀመርኩ በኋላ" አለችው ነዚሃ። "ወረቀቱን ተቀበልና ዝም በል።"

ሌላ ቀን አንዲት ወጣት ሰይዴ ገርጥታ ስታያት ሮጣ ወንበር አመጣችላት፣ ውሃ አጠጣቻት። ከዚያ "እኔ እንኳን 'አዎ' ብዬ ልኬያለሁ፣ እማማ። እህቴ የምትኖረው ከሴት ጋር ነው" አለቻት በትሕትና።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እህትሽን ሰላም በይልኝ" አለች ሰይዴ፤ ብርጭቆውን መልሳ ተነሣች።

መንገድ ላይ ነዚሃ አጉረመረመች። "ወረቀቱንስ ሳትሰጪያት?"

"ውሃዋን ጠጥቼ?" አለች ሰይዴ።

እኔ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። በማግስቱ ሁለቱን ነዚሃ ግቢ አገኘኋቸውና ስለ ስለቱ ነገርኳቸው። ካንሰሩን እንጂ ስለቱን አያውቁም ነበር። ነዚሃ አፏን በእጇ ያዘች። ፎርቱኔ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች፤ ተከተልናት።

"ሰይዴ፣ የእናትሽ ስም ማን ነበር?"

"ወርዴ። ለምን?"

"እንዲሁ።"

"አንቺ እንዲሁ የምትጠይቂ ሴት አይደለሽም።"

ፎርቱኔ መዋሸት አትችልበትም። "እኛ ለታመመ ሰው ስንጸልይ በእናቱ ስም ነው የምንጠራው። ሰይዴ የወርዴ ልጅ እንላለን።"

ሰይዴ ዞር ብላ አየችኝ። "ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"እናንተም ለእኔ ልትጸልዩ ነው? ሕጉንስ ማን ይለምን?" ጠረጴዛውን መታች።

"አንቺ አለሽ አይደል?" አለች ነዚሃ። "ሕጉን አንቺ፣ አንቺን እኛ። ሥራ ተከፋፈልን።"

በዚያ ዓመት የፎርቱኔ የስርየት ጾምና የነዚሃ የዓሹራ ጾም በአንድ ቅዳሜ ገጠሙ። ሁለቱም እህል ሳይቀምሱ ዋሉ፤ አንዷ በምኩራብ፣ አንዷ በመስጊድ። እኔ ቤት ውስጥ ሰይዴ ተኝታ፣ በሁለት ሃይማኖት የሚጾምላትን ሴት ተቀምጬ ጠበቅኳት። ማታ ሾርባ ጠየቀችኝ፤ ግማሽ ሳህን ጠጣች። ከሳምንት ወዲህ ያን ያህል በልታ አታውቅም። ተስፋ እንዲህ በሾርባ ይለካል ብዬ አላስብም ነበር።

ኅዳር ላይ ውጤቱ የሚነገርበት ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮኑን ከበው ተቀመጡ። ሰይዴን ተሸክሜ ነው ያወረድኳት። በአገሩ ሁሉ ከአሥር ሰው ስድስቱ "አዎ" ብሎ ነበር። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው "አይ" ብሏል፤ አስተዋዋቂው እሱንም ተናገረ፤ ማንም ግን አልሰማውም። ፎርቱኔ በእጇ የያዘችው መንደሪን ሳይላጥ ቀረ።

"የእኛ በሮች አላሳፈሩንም" አለች ነዚሃ በመጨረሻ።

"በሮቻችን ጥቂት ናቸው" አለች ሰይዴ።

እኔ ከእሷ አጠገብ ተንበረከክሁ። ሁለቱ ሴቶች መኖራቸውንም ረሳሁ። "ስለትሽ አልሰመረም፤ እንግዲህ ነፃ ነሽ። አሁን ለራስሽ ተሳዪ፣ እባክሽ። ስለ እኔ ብለሽ።"

 "ያ የመጀመሪያው ቀን፣ 'እኔስ' ስትለኝ..." አለችና አቆመች። ከዚያ "እሺ፣ ተሳልኩ" አለች።

ለአዲሱ ስለት ልለካው፣ ቀሚሱን አምጡልኝ ስትል አለበስናት። ከመክሳቷ የተነሣ ሁለት ሰው የሚይዝ ሆኖ ነበር። ፎርቱኔና ነዚሃ በግራና በቀኝ ተቀምጠው አራት አራት ጣት አጠበቡት። የፎርቱኔ ስፌት ደቃቅና ጥብቅ ነው፤ የነዚሃ ረጃጅምና ጠማማ።

"ይሄ የማን ነው? የጆንያ ስፌት!" አለች ሰይዴ።

"ስትድኚ ፈትተሽ ትሰፊዋለሽ" አለቻት ነዚሃ።

ሕጉ በታኅሣሥ መጀመሪያ ጸደቀ። ሰይዴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየች፤ ገናን አልደረሰችም። ቄሱ በቀሚሱ እንቅበራት ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አይሆንም አልኩ። ሁለቱም ስለቶች አልሰመሩም፤ ያልሰመረ ስለት ቀሚስ አይለበስም። በሰማያዊ ቀሚሷ ቀበርናት።

ነዚሃና ፎርቱኔ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ መንደሪን ይዘው። እኔ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ እደግማለሁ፤ በነሐሴ፣ አቅም ሳላት፣ መጀመሪያ ለራሷ ተስላ ቢሆንስ?

"ተው፣ ስምዖን" ትለኛለች ፎርቱኔ። "እኛስ ለእሷ ጾመን የለ?"

እኔም ለራሴ እንድሳል ሁለቱ መከሩኝ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅዱሱ ሥዕል ፊት ቆምኩ። አንድ ስለት ለአንድ ነገር ነው፤ ብዙ አሰብኩ። የምሳልበት አንድ ነገር አጥቼ ተመለስኩ።