የፉሚ ቢጫ መኪና አትተኛም

በኛ መንደር የስፖርት መኪና በበረዶው ወራት ይተኛል። የስፖርት መኪና ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ከተማ ሠርተው የተመለሱ ሁለት ወንድማማቾችና የጥርስ ሐኪሙ። የመጨረሻው ፖም ከዛፍ ሲወርድ መኪኖቻቸውን አጥበው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ ሸራ አልብሰው መጋዘን ያስገቧቸዋል። የቼሪ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ ወሬያቸውን የሚያነሳ የለም። በነዚያ ወራት ሰው ሁሉ የሚነዳው አራቱም ጎማ የሚገፋለትን፣ ሣጥን የመሰለ ትንሽ መኪና ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ያፈረሱት ግን ይታወቃሉ፤ ሥራ ቦታ፣ ፖም በምንለይበት ጠረጴዛ ዳር ከጎኔ የሚቆሙት ፉሚ ናቸው።

ፉሚ ወደ ስልሳው እየተጠጉ ነው። በልጅነታቸው ለፖም ገበሬ ተድረው፣ ዕድሜያቸውን ከባላቸው ከኢሳኦ ጎን በጭነት መኪና ተቀምጠው አሳለፉት። ጉልበታቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ፤ የፖም ሣጥን፣ የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀስ፣ የአማታቸው መድኃኒት። መሪ የሚይዙት በመከር ጊዜ ብቻ፣ በዛፎቹ መሃል፣ እግረኛ እየቀደማቸው ነበር። ያኔም ከኋላ ተጭኖ «ቀስ በይ» የሚላቸው አይጠፋም። ኢሳኦ ሲሞቱ ሐዘኑ ዓመት እስኪሞላ ጠበቁ። እርሻውን ለባላቸው ቤተ ዘመድ ትተው፣ የጭነት መኪናውን ሸጡና አንድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሂሮሳኪ ከተማ ወረዱ። ማታ የተመለሱት ባለሁለት ወንበር፣ ባለ ሸራ ጣራ፣ ቁመቷ ከወገብ የማያልፍ ቢጫ መኪና እየነዱ ነው። ጉልበታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

በሙቀቱ ወራት ሰው ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ነገሩ የመጣው በኅዳር ነው።

ኢዋኪ ተራራ ሦስት ጊዜ ነጭ ከለበሰ አራተኛው በረዶ የመንደሩ ነው ይባላል። ተራራው ሁለተኛውን ሲለብስ፣ እሑድ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ጎማ ለመቀየር ቶኩዞ ግቢ ይሰበሰባል። ቶኩዞ የኢሳኦ ታላቅ ወንድም፣ የፉሚ ዋርሳ፣ የመንደሩ ማኅበር ሊቀ መንበርም ናቸው። የበረዶ ጎማዎቹ ከመጋዘን እየተንከባለሉ ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ባለፈው ጸደይ በጠመኔ «ፊት ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ» ተብሎ ተጽፏል። ጎማ በዚያ ቤት እንደ ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። ወንዶቹ ክሪክ ያነሳሉ፣ ሴቶቹ ሾርባ ያቀርባሉ።

ለቢጫዋ የሚሆን ጎማ ከዘመድ አልተገኘም። ፉሚ አራት አዲስ ገዝተው፣ ሁለቱን በተሳፋሪው ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው፣ ሁለቱን ከኋላ አጭቀው፣ ክዳኑን በገመድ ጠፍረው ግቢው ውስጥ ገቡ። ቶኩዞ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናዋን ዞሯት።

«ይቺ ትተኛለች» አሉ። «ሸራ እኔ ጋ አለ።»

«እኔ ሳልተኛ እሷ ምን ቆርጧት ትተኛለች?»

ሰው ሳቀ። ቶኩዞ አልሳቁም። የምትገፋው በኋላ ጎማ ብቻ እንደሆነ፣ ወደ መንደሩ የሚያስወጣውን የመቅደሱን ዳገት በኋላ ጎማ የወጣ ሰው ዓይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ፉሚም፣ እሳቸው ያላዩት ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ በትሕትና መለሱላቸው። ቶኩዞ እጄን አላስነካትም አሉ። እሳቸው ካልነኩ ደግሞ ማንም አይነካም።

ፉሚ ሄደው ክሪኩን ራሳቸው አነሱ። መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ብሎኖቹን አላሉ፤ እምቢ ያለውን መፍቻው ላይ በሁለት እግራቸው ቆመው እየዘለሉ ፈቱት። አንዱን ጎማ፣ የመዞሪያ አቅጣጫውን የሚጠቁመው ቀስት ወደ ኋላ እያሳየ አስገቡት። ከወንዶቹ አንዱ ቢስቅም አውልቀው ደገሙት። ሲጨርሱ ጣቶቻቸው ከቅዝቃዜው የተነሣ ሾርባውን መያዝ አቅቷቸው፣ ጎድጓዳ ሳህኑን በመዳፋቸው ታቅፈው ጠጡ።

ሲወጡ በቶኩዞ መኪና በኩል አለፉ። አጎንብሰው ጎማውን በጥፍራቸው ጫን አደረጉት።

«ጥርሱ ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ። ላስቲኩ ግን እንደ ከረመ ሩዝ ኬክ ድርቅ ብሏል።»

«በዚህ ቤት ጥርስ ያለው ጎማ አይጣልም» አሉ ቶኩዞ። ፊታቸው ቀላ። ከዚያም ዘመድ ሁሉ እየሰማ የመጨረሻ ቃላቸውን ተናገሩ። ዳገቱ አንድ ነው፤ ከላይ ያለነው ሁሉ የምንወጣውም የምንወርደውም በሱ ነው። ፉሚ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ላይ ተይዘው መንገድ ከዘጉ፣ የመኪናዋን ቁልፍ አበባ እስኪፈነዳ ለሳቸው ያስረክባሉ። በክፋት አልነበረም፤ የወንድማቸው ሚስት ገደል ገብታ ብትገኝ ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

«እሺ» አሉ ፉሚ። «ካልተያዝኩስ?»

«ካልተያዝሽማ አፌን እዘጋለሁ።»

«እንዳይረሱት።»

አራተኛው በረዶ መንደሩ ገባ። ፉሚ ሁለት የሩዝ ከረጢት አሸዋ ሞልተው ከኋላ ጫኑ፤ የኋላውን ጎማ መሬት የሚያስይዝላቸው ይኸው ክብደት ነው። ማታ መኪናዋን ሲያቆሙ እንደ ሁላችንም የዝናብ መጥረጊያውን ከመስታወቱ እንዳይጣበቅ ቀና ያደርጋሉ፣ የእጅ ፍሬኑ በረዶ ሆኖ እንዳይያዝ በማርሽ ብቻ ይተዉዋታል። ጠዋት ከበረዶው ክምር ሥር በመጥረጊያ ቆፍረው ያወጧታል፤ መጀመሪያ የሚታየው አንድ መዳፍ የምታህል ቢጫ ናት። እኔ መኪና ስለሌለኝ አብሬያቸው ሥራ እሄዳለሁ። በዳገቱ ላይ አላናግራቸውም። ሁለተኛ ማርሽ ይይዛሉ፣ ነዳጁን አይጨምሩም አይቀንሱም፣ ከፊት ያለው መኪና ከላይ መንገዱን ተሻግሮ በቆመው የመቅደስ በር ሥር ሳያልፍ ከታች አይነሱም። የመንደሩ መጋረጃ ሁሉ ገለጥ ይላል። ታኅሣሥ አለፈ፣ የዘመን መለወጫው አለፈ፤ ቁልፉ አሁንም ፉሚ ኪስ ውስጥ ነበር።

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች፤ በረዶው ላብ ላብ አለው። ከሥራ ስንወጣ ደግሞ ተመልሶ ረግቶ፣ ዳገቱ መስታወት ሆኖ ጠበቀን። ከሥሩ ቆምን፤ ከፊታችን ሰው እየወጣ ነው። መሃል ላይ መኪናው ዘገየ፣ ቆመ፣ አራቱም ጎማዎች በቦታቸው እየተሽከረከሩ ጎኑን ወደ በረዶው ክምር አስጠጋ። ቶኩዞ ነበሩ። ወርደው ጎማቸውን አዩት።

ከኋላችን ለየቤቱ ማሞቂያ ነጭ ጋዝ የሚያድለው ሰው መኪና መጥቶ ቆመ። ብንጠብቅስ አልኳቸው ለፉሚ፤ ቶኩዞን የሚረዳ ሌላ ሰው ይመጣል። ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸዋል። አሸዋው ከወጣ እኛም ዳገቱን አንወጣም።

«ሽማግሌ በብርድ ቆሞ እያየሁ አሸዋ ልቆጥብ?» አሉና ወረዱ።

ከረጢቶቹን እየጎተትን ወሰድናቸው። ፉሚ ተንበርክከው አሸዋውን ከየጎማው ሥር አፈሰሱ፤ ስለ ጥርስም ስለ ላስቲክም አንድ ቃል አልተነፈሱም። የቶኩዞ መኪና አሸዋውን ወደ ቦዩ እየተፋ ወጣ፣ በበሩ ሥር አለፈ።

ተራው የኛ ሆነ። መሃል ላይ ስንደርስ የመኪናዋ ኋላ ተወዛወዘ፤ ጎማው ባዶውን ሲዞር በወንበሬ ውስጥ ተሰማኝ። ፉሚ እስክትቆም አልጠበቁም። ማርሹን ለውጠው፣ አንገታቸውን አዙረው፣ ሕፃን ከጀርባ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ አድርገው ቀጥ ብላ ወደ ሜዳው እንድትመለስ አደረጓት። ዳገቱ ባዶ ነው፤ መንገዱ አልተዘጋም።

ቶኩዞ ግን ከላይ ሆነው አይተዋል። መኪናቸውን አቁመው በእግራቸው ወረዱ፤ በመስኮቱ በኩል መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ተያዝሽ። ቁልፉን።»

«የት ተያዝኩ? ያለሁት ሜዳ ላይ ነው።»

«መውጣት አልቻልሽማ።»

ጋዝ አዳዩ አንገቱን አውጥቶ፣ ዛሬ መንገድ የዘጋውን መኪና እሱም እንዳየው፣ ቀለሙም ቢጫ እንዳልሆነ ጣልቃ ገብቶ ተናገረ። ቶኩዞ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ እጃቸው ግን አልታጠፈም። ፉሚ ያንን እጅ አዩት። ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ወፍራም ካፖርት የለበሰውን ሙሉ ሰውነት።

«አንቺ ውረጂ» አሉኝ። «ባዶ ሣጥን ነሽ፣ አትከብጂም።» ወረድኩ። «ወንድም ጋሼ፣ ይግቡ።»

«የት?»

«አሸዋዬን የጨረሱት እርስዎ ነዎት። በአሸዋው ፈንታ ይቀመጡልኝ። ከወጣን ቁልፉ የኔ ነው። ካልወጣን ጎኔ ነዎት፤ እጅዎን መዘርጋትም አያስፈልግዎትም፣ መሃል ዳገት ላይ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።»

ቶኩዞ ወደ ጋዝ አዳዩ ዞረው አዩ፤ ከሱ ኋላ ሌሎች ሁለት መኪኖች ተሰልፈዋል። እግራቸውን አስገቡ፣ አወጡት፣ በዳሌያቸው ሞከሩ። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር፣ ቆባቸው የጣራውን ሸራ እየገፋ በሩ ተዘጋ። መኪናዋ ዝቅ አለች።

በእግሬ ተከተልኳቸው። እዚያው ቦታ ላይ ኋላዋ እንደገና ተወዛወዘ፤ እኔም እንደ ሞኝ በሁለት እጄ አየሩን ገፋሁ። ጎማው ያዘ። ቀዩ የኋላ መብራት ወጣ፣ ወጣ፣ በመቅደሱ በር ሥር አልፎ ጠፋ። ጋዝ አዳዩ ጥሩምባውን ነፋ።

ላይ ስደርስ ቶኩዞ መውረድ አቅቷቸው ነበር። በሩን እንደምንም ከፍተዋል፣ ግን ከዚያ ዝቅታ ጉልበታቸው አላነሳቸውም። ፉሚ የጣራውን መያዣ ፈቱና ሸራውን ወደ ኋላ አጠፉት። መዝነብ የጀመረው በረዶ በሁለቱም ላይ ወረደ።

«በዚህ በረዶ ጣራ ትከፍቻለሽ?» አሉ ቶኩዞ።

«ቀና ብለው እንዲነሱ ነው።»

ቶኩዞ የፊት መስታወቱን ጠርዝ ይዘው ተነሡ። ቆመው ዳገቱን ቁልቁል አዩት፤ ስለ ቁልፉ አላነሱም። አፌን እዘጋለሁ ብለው ነበርና ዘጉ። ከወረዱ በኋላ ብቻ፣ ወደ መኪናቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ ተመልሰው የተቀመጡበትን ወንበር ከበረዶው በጓንታቸው ጠረጉ።

እዚያ የተጠረገው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን የመኪናዋ ማሞቂያ፣ ራሴን በረዶው ያዘው። በመንደሩ መሃል መጋረጃዎቹ አንድ በአንድ ተገለጡ። አፍሬ አንገቴን ሰበርኩና፣ ጣራውን እንዝጋው ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

ፉሚ ፍጥነት አልጨመሩም።

«ይዩን» አሉ።