የበጎቹን መንገድ ይጠይቁ የነበሩት ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። በሞያሌ፣ በቡቲዬና በኦዳ በጎቻችሁን ያዩላችሁ ሁሉ ሰምታችኋል። በሰው ፊት መናገር ስለማልችል በቀብራቸው ዕለት ከሰው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። መናገር የነበረብኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰው «ዳክታሪ»፣ የከብት ሐኪም፣ ይላቸው ነበር። እሳቸው ግን «ዳክታሪውስ ከተማ ነው ያለው፤ እኔ ጠያቂ ነኝ» ይሉ ነበር። የበግ ፈንጣጣ ገባ ሲባል በፒኪፒኪያቸው፣ በዚያች ሞተር ብስክሌት፣ ይመጣሉ። የበጓን ላት ቀና አድርገው ፀጉር የሌለበትን ቆዳ በጣታቸው ይዳስሳሉ። እብጠት ካገኙ ከቁስሉ ቅርፊት ወስደው ለምርመራ ይልካሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፤ ከማን ተገዛች? የት ውኃ ጠጣች? ከማን በጎች ጋር ዋለች? «በሽታ እግር የለውም፤ የሚሄደው እኛ ስንወስደው ነው» ይሉ ነበር። ከአንዱ በረት ወጥተው ሌላው ሳይገቡ ጫማቸውን በመድኃኒት ያጥባሉ።

አንዲት ዓይናቸው የደከመ እናት በጎቻቸውን ለክትባት ማድረስ ቢያቅታቸው ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ነድተው ወስደው መለሱላቸው። ሰው ሲስቅ «ዛሬ እረኛ ሆኛለሁ፤ ምሳ የሚያመጣልኝ የለም?» አሉ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እሳቸው ግን ደብተራቸውን እየሰጡ «የኔን ጽሑፍ እኔም አላነበውም፤ አንቺ ጻፊልኝ» ይሉኝ ነበር። ቡቲዬ እኛ በረት ፈንጣጣ የገባ ቀንም ደብተሩ እኔ እጅ ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰሞኑን ከዚህ የወጣ በግ አለ?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

«የለም።»

«በስጦታስ? በውሰትስ?»

«የለም አልኩ እኮ ጋሽ ደምሴ! በግ ደብቄ ልብላ እንዴ?»

ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ምን ትያለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። «የወጣ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ወጥታ ነበር። ኦዳ ያገባችው አክስቴ ወንድ ልጅ ስትወልድ አንዲት እንስት ጠቦት ሀንዱራ ብለን ሰጥተነው ነበር። ሀንዱራ ሕፃኑ ሲወለድ የሚሰጠው የመጀመሪያ ከብቱ ነው። በእሷ ላይ የበሽታ ስም መጥራት በልጁ ዕድል ላይ ክፉ መናገር ስለሚመስል እናቴ ደበቀች። እኔም አብሬያት ደበቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ የኦዳ በጎች ማለቅ ጀመሩ። ሰዉም «በጫማቸው ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከቡቲዬ አይደል የመጡት?» አለ። በረቱን የከለከላቸውም ነበር። ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። «ሊሆን ይችላል። ሌላ መንገድ ካገኘሁ እነግራችኋለሁ» አሉ። ከዚያ ቤታችን መጥተው እኔ የጻፍኩትን ገጽ ደጋግመው አዩት። «የቱ ጋ ነው ያመለጠኝ?» አሉኝ። እኔ ሻይ ልጨምርልዎት ወይ አልኳቸው።

በቀብራቸው ላይ እንኳ አንድ የኦዳ ሰው «ደግ ነበሩ፤ ያ ጫማቸው ነው እንጂ» ሲል ሰማሁ።

ጋሽ ደምሴ፣ ፈንጣጣውን ኦዳ ያስገባችው የእኛ ጠቦት ናት፤ እርስዎ አይደሉም። ይህን ለእናቴ አነበብኩላት፤ «በልጁ ላይ...» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ኦዳም ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። ልጁን እንዳቀፈች «ውኃ እንኳ ሳልሰጣቸው ነው እኮ ከበረቴ የመለስኳቸው» ብላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ወራት ሲፈልጉት የነበረው መንገድ ይኸው ነው ጋሼ። ሲጠይቁኝ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። አሁን መለስኩልዎት፤ እርስዎ ግን አይሰሙኝም። ደህና ይሁኑ።