ስምንተኛው መደብ

የተቀጠፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትኩስ ሥጋ ሲያርፍበት የሚያወጣው ሽታ አለ። ዘንድሮ ለፋሲካ፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ሰፈራችን ሜዳ ላይ ቆሜ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ወንድሜን ደረጀን አስታወስኩ። ማስታወስ እንኳን አይባልም፤ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነው።

ደረጀ በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከቤት መውጣት ሲከለክለን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ቃል እንለቅም ነበር። ጨዋታው የተጀመረው እማዬ አተር ስትከካ አይቼ «እማዬ አተሩን እየቆረሰችው ነው» ያልኩ ቀን ነው። ደረጀ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ኩታራ፣ አተር ይቆረሳል እንዴ?» አለኝና የሒሳብ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ መጻፍ ጀመረ። ዳቦ ይቆረሳል፤ አተር ይከካል፤ እንጨት ይፈለጣል፤ ክር ይበጠሳል፤ በግ ይበለታል። ከዚያ በኋላ የሚከፈልና የሚቆራረጥ ነገር ባየን ቁጥር እየሮጥን እንመዘግብ ነበር። አባዬ ማገዶ ሲፈልጥ አጠገቡ ቆመን «ይኼ ተሰነጠቀ ነው ተፈለጠ የሚባለው?» እያልን ስለምናስቸግረው፣ «መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይፈለጣል፣ ከዚያ እናንተ ተሸክማችሁ ታስገቡታላችሁ» ይለን ነበር።

አንድ ቀን «ሰውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ደረጀ እርሳሱን ነከሰ። ይጣላል፣ ይፋታል፣ ይለያያል እያለ ጀመረና ተወው። «ሰው ብዙ ነው፤ ቆይተን እንሞላዋለን» ብሎ «ሰው» የሚለውን ብቻ ጻፈና ፊት ለፊቱን ባዶ አስቀረው።

መስከረም ሲጠባ፣ ለመስቀል ሰባት ቤት ሆነን ለአንድ በሬ ቅርጫ እንገባ ነበር። ከፋፋዩ ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ እያዳረሱ፣ ቅጠሉ ላይ ሲያስቀምጡ በኦሮምኛ ይቆጥሩ ነበር፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» እያሉ እስከ ሰባት፣ እስከ «ቶርበ»። ከዚያ ከየቤቱ አንድ አንድ ነገር ለዕጣ ይሰበሰባል፤ ጠጠር፣ ስንጥር፣ ቆርኪ። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥለዋል።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ተራው የኔ ሆነ። ችግሩ፣ የኛን ቤት ዕጣ አውቀው ነበር፤ ከደረጀ የዩኒፎርም ሸሚዝ የወለቀ ሰማያዊ ቁልፍ ነው። ትልቅ የመሰለኝን መደብ በዓይኔ ፈልጌ ቁልፉን እዚያ ላይ ጣልኩት። ማንም አልነቃብኝም፤ ደረጀ ብቻ ነቃ። ጆሮዬን ይዞ ጋሽ ቱሉ ፊት አቆመኝ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይኼ ልጅ አይቶ ነው የጣለው። እንደገና ይጣል።»

«የቱ ትልቅ ሆኖ ነው አይቶ የሚጥለው?» አሉ፣ ቢላቸውን እንደያዙ። «እኔ እኩል ከመደብኩ ይኼ ምን ሰረቀ? እኩል ካልመደብኩ ደግሞ ሌባው እኔ ነኝ። ሌባ ነዎት በለኛ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደረጀ ግን አልሳቀም፤ ጆሮዬንም አልለቀቀም። ዕጣው እንደገና ተጣለና ለኛ አጥንት የበዛበት ደረሰን። አባዬ ፌስታሉን እያንጠለጠለ «ጎበዞች፣ መረቅ ልታጠጡን ነው» አለን። ራት ላይ ደረጀ ቅልጥሙን አንስቶ ሰጠኝ።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ በጋ ላይ ደረጀ ሥራ ያዘና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራየ። በየበዓሉ ሚኒባስ እየቀያየረ ይመጣ ነበር። ቅርጫውም ውስጥ የራሱን መደብ ይዞ ገባ፤ ጋሽ ቱሉም እስከ ስምንት፣ እስከ «ሰዴት» መቁጠር ለመዱ። ሰማያዊው ቁልፍ የደረጀ ሆነ፣ ለቤቱ ስንጥር ቀረ። «ቁልፌን ይዞብኝ ወጣ» እያለ አባዬ ይቀልድበት ነበር።

ባለፈው ጥር ታመመ። ዘጠኝ ቀን ብቻ። ለቀስተኛው ሁሉ «ተለየን» ይል ነበር፤ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያንን ደብተር ነበር የማስበው። ባዶው ቦታ ላይ ይኼ ቃል ይጻፍ ይሆን? እያልኩ። ስንዴም ከእንክርዳድ ይለያል፤ ለቃሚዋ ግን ሁለቱንም ታያቸዋለች፤ እኔ ደረጀን የት አየዋለሁ?

ፋሲካ ሲደርስ ጋሽ ቱሉ «ስንት መደብ ልበል?» ብለው ላኩብን። እማዬ «አንድ ይበቃናል» አለች።

«እማዬ፣ የሱን እኔ ልያዝለት።»

«ማን ሊበላው ልጄ?» አለችኝ።

ቁልፉን ግን ከዕቃዎቹ መሀል ፈልጌ አወጣሁትና በስንጥሩ ፋንታ የቤታችን ዕጣ አደረግኩት።

ጋሽ ቱሉ አርጅተዋል፤ እጃቸው ግን ያው ነው። ከብልቱ ሁሉ እያዳረሱ ቆጠሩ፤ «…ጀአ፣ ቶርበ፣ ሰዴት»። ዕጣው ሲሰበሰብ ሰባት ሆነ። መደቡ ስምንት ነበር።

ጋሽ ቱሉ መደቦቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እጄ ለምዶ ነው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «በቃ ውሰደው። የሱ ነው።»

ሌላም ሰው «ይውሰደው፣ ይውሰደው» አለ። እንዴት ልበል፣ ልወስደው ፈልጌ ነበር። ለዚያ መደብ ነበር እማዬን የለመንኳት። ግን በሬው የሰባት ቤት ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ማንም ሳይነካው ጋለ።

«አይ ጋሽ ቱሉ» አልኩ። «እንደገና ይመደብ።»

ጋሽ ቱሉ ተንበረከኩና ስምንተኛውን መደብ ማንሳት ጀመሩ፤ አንድ ቁራጭ እዚህ፣ አንድ ቁራጭ እዚያ፣ ሳይቆጥሩ፣ ቅጠሉ ባዶውን እስኪቀር። ይኼ ምን ይባላል ብዬ አሰብኩ። ደረጀ ቢኖር ይነግረኝ ነበር፣ ወይም ደብተሩን ይገለብጥ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ዕጣውን ጣለች።

ያኔ፣ እኔ ዕጣ ስጥል፣ የማየው ትልቁ መደብ የቱ እንደሆነ ነበር። ዘንድሮ ግን ቁልፉ የት እንዳረፈ ለማየት እንኳን አልቸኮልኩም፤ ጎረቤቶቻችን ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በየአቅጣጫው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአምናው ትንሽ ከብዷቸው ሲሄዱ፣ የመጨረሻው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።