ካቴና የለቀቀችው ክንድ

ካቴና የሚለውን ስም ያወጡላት እጇ ላይ የወደቁ ተፋላሚዎች ናቸው ይባላል። ውሸት ነው። ስሙን ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ናት፤ ያውም በፍልሚያ መድረክ ላይ ሳይሆን በእናታቸው ሶፋ ቤት፣ የአንድ ወንበር ቆዳ ሲወጥሩ። ቆዳ መወጠር የዋዛ ሥራ አይደለም። አንዱ ጫፍ በምስማር ከተያዘ በኋላ ሌላውን ጫፍ በጣት ጨምድዶ፣ ጉልበትን እንጨቱ ላይ አስደግፎ፣ እናትየው «በቃ» እስክትል መሳብ ነው። ታናሽየው ጣቷ ሲዝል ሰበብ ፈጥራ ታመልጣለች። ታላቅየው ግን የያዘችውን እንደያዘች ፊቷ ደም እስኪመስል ትቆያለች። «እማዬ፣ ይቺ ልጅሽ እኮ ካቴና ናት! ቁልፍ ካላመጣሽላት አትለቅም!» አለች ታናሽየው። በሳቅ የተባለው ነገር ስም ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ካቴና ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ መተናነቁም በሚፈቀድበት በቅይጥ ማርሻል አርት በክብደቷ ሻምፒዮን ከሆነች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ቀበቶዋንም አራት ጊዜ አስከብራለች። ሁለት ጥርሷ ረግፏል፣ አፍንጫዋ ወደ ግራ ማየት ከጀመረ ቆይቷል። ጋዜጠኞች በመጡ ቁጥር ስለ ጀግንነቷ ይጠይቋታል፤ እሷም የለመደችውን ትመልስላቸዋለች። ማንም ያልጠየቃት፣ እሷም ለማንም ያልተነፈሰችው አንድ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ አለ። የእህቷን ክንድ የሰበረችው እያወቀች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህትማማቾቹ ሥልጠና የጀመሩት ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ ባለ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ምንጣፉ የስንቱን ላብ የጠጣ። አሰልጣኙ ሲናደዱ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሰው ናቸው፤ መፈራት ያለባቸውም ያኔ ነው። ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት መማታትን ሳይሆን እጅ መስጠትን ነው። የተያዘው ሰው በእጁም በእግሩም፣ ባገኘው ነገር መታ መታ ያደርጋል፤ የያዘው ወዲያው ይለቃል። «መታ መታ ተደርጎለት የማይለቅ ሰው እኔ ጋ ምን ይሠራል? ጫካ ሄዶ ጅብ ይሁን» ይላሉ።

ታናሽየው ዘግይታ ብትጀምርም ፈጥና ገባት። ጉልበቷ እንደ እህቷ አይደለም፤ ሰውነቷ ግን ውሃ ነው፣ ያዝኳት ሲሏት የለችም። ካቴና ለመጀመሪያው የቀበቶ ፍልሚያዋ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ በዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታናሽ እህቷ አምስት ጊዜ እጅ አሰጠቻት። ያውም በሰው ፊት። በአምስተኛው ላይ ዳር የቆሙት ሳቁ። አንዱማ «ቀበቶውን በታናሽየው ወገብ ልክ አሠሩት!» ብሎ ጮኸ። ካቴናም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን ደሟ ፈልቷል።

ዓርብ ዕለት የታናሽየው ቀኝ ክንድ እጇ ገባላት። ክንዱን ደረቷ ላይ ወጥራ፣ በሁለት እግሯ ልጅቷን ተጭና ወደ ኋላ ተንጋለለች። የታናሽየው ሌላ እጅ ከካቴና ጭን ሥር ተቀርቅሯል፣ አፏም ታፍኗል። የቀራት እግሯ ብቻ ነው። በተረከዟ ምንጣፉን ደበደበችው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሙዚቃው እየጮኸ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ካቴና ግን ምንጣፉ ከጀርባዋ ሥር ሲርድ ተሰማት። ተሰማት፣ ምን እንደሆነም ገባት፤ «ትንሽ ትቅመሰው» ብላ አንዲት ትንፋሽ ያህል ጨምራ ያዘች። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ክንዱ ቀጭ አለ።

«አልሰማሁም» አለች፣ አሰልጣኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጠይቋት። «ሙዚቃው ነው፤ ምንም አልሰማሁም።» አመኗት። እህቷን ከልጅነቷ ጀምሮ አዝላ ያሳደገች ልጅ ናት፤ ማን አያምናት? እናትየው ደግሞ የራሷን ፍርድ ሰጠች። «ድሮም እልኸኛ ናት፤ እጅ መስጠት ሞት ይመስላታል። በእልኋ ክንዷን አስበላች» ብላ ለጎረቤቱም፣ ለደንበኛውም፣ ሶፋ ሊለካ ለመጣው ሁሉ አወራች። ታናሽየው አንድ ወር ያህል «ኧረ በእግሬ መትቻለሁ!» እያለች ተከራከረች። ከዚያ «ምናልባት በደንብ አልመታሁ ይሆናል» ማለት ጀመረች። ከዚያ ጭራሽ ተወችው።

ክንዷ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ቆዳ መወጠር ስለማትችል እናቷ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠቻት፤ ወደ መድረክም ዳግመኛ አልወጣችም። ካቴና ያን ጊዜ ቀበቶውን አሸንፋ በማይክሮፎን «ይህ ለእህቴ ነው» ስትል አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ታናሽየው በግራ እጇ እንባዋን እየጠረገች አቀፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ፍልሚያ በረዶና ውሃ ይዛ ከእሷ ጥግ የምትቆመው ይህችው እህቷ ናት። ብትቀየማት፣ ብትሰድባት ይሻል ነበር። ፍቅሯ ነው ካቴናን እንደ እግር እሳት ያንገበገባት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካቴና ቀበቶዋን ለአምስተኛ ጊዜ ልታስከብር ወጣች። ተጋጣሚዋ ነርስ ናት፤ የምር ነርስ፣ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የምትሠራ። አዘቦት ቀን በመርፌ፣ እሑድ በክርን ትወጋለች እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ግን በሽቦ አጥር የታጠረው መድረክ በር ሲዘጋ አበቃ። በመጀመሪያው ዙር የነርሷ ክርን የካቴናን ቅንድብ ከፈተው፤ በሁለተኛው ደግሞ እግሯን ጠልፋ ጣለቻትና ላይዋ ላይ ሰፈረችባት። ከአምስቱ ዙር ሁለቱ እንደዋዛ ሄዱ።

«አትቸኩዪ» አለቻት ታናሽየው በዕረፍቱ፣ በረዶውን ማጅራቷ ላይ ጫን አድርጋ። «ስትደክም ቀኝ ክንዷን ትረሳዋለች። ጠብቂያት፤ ክንዷን ራሷ ትሰጥሻለች።»

ካቴና ከሰው ሁሉ መካከል ስለ ክንድ የምትመክራት ይህች ልጅ መሆኗን እያሰበች የጥርስ መከላከያዋን ጎርሳ ተነሣች።

ሦስተኛው ዙር የካቴና ሆነ። በአራተኛው አጋማሽ ላይ፣ አጥሩ ሥር እየተንከባለሉ ሳለ፣ ልክ እንደተባለው የነርሷ ቀኝ ክንድ ተረሳ። ካቴና ያዘችው። ደረቷ ላይ ወጠረችው፣ በእግሮቿ ተጫነች፣ ተንጋለለች። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ዳኛው በዚያኛው በኩል ተንበርክኮ የነርሷን ፊት ያያል። የነርሷ ነጻ እጅ ደግሞ በካቴና ዳሌና በአጥሩ መካከል ገብቷል፤ ከዳኛው ዓይን ውጭ ነው።

መታ፣ መታ።

ሁለት ጣት ነው ዳሌዋን የነካት። በውድድር ላይ ደንቡ ሌላ ነው፤ የዳኛው እጅ ትከሻሽ ላይ ሳያርፍ አትለቂም፣ ከለቀቅሽ ኪሳራው የራስሽ ነው። ይህን ካቴና በእንቅልፍ ልቧ ታውቀዋለች። ከአጥሩ ጀርባ ታናሽየው «ያዢ! ዳኛው እስኪነካሽ ያዢ!» እያለች ትጮኻለች። አንዲት ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው፤ ክንድ ሊሰበር ሲቃረብ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣም ካቴና አሳምራ ታውቃለች።

ለቀቀች።

ደግነት ነው የሚል ካለ አትስሙት። እጇ ነው የፈራው። ነርሷ ተገልብጣ ተነሣች፣ ክንዷን ሰበሰበች፣ ወደ ዳኛው ሰረቅ አድርጋ አየች። ዳኛው ምንም አላየም። «ቀጥሉ!» አለ። ነርሷ አንዲት ቅጽበት አመነታች፤ ከዚያ መጣች። ካቴና ገና በጉልበቷ እንደቆመች ነበር ቡጢው ያገኛት። የቀረውን ዙርና አምስተኛውን በእግሯ ቆማ ጨረሰች ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይባልም። ከሦስቱ የነጥብ ዳኞች ሁለቱ ለነርሷ ፈረዱ። ቀበቶው ሌላ ወገብ ላይ ሲታሰር ካቴና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

መልበሻ ክፍሉ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ታናሽየው በሩን ዘግታ፣ በመቀስ የእህቷን እጅ ፕላስተር እየቆረጠች ነደደች።

«እሺ ንገሪኝ። ምን ነክቶሽ ነው?»

«መታች።»

«የት መታች? አጥሩ ላይ ተለጥፌ ነበር እኮ! ምንም አላየሁም።»

«ዳሌዬን። ሁለቴ።»

«ብትመታስ? ዳኛ ለምን ተፈጠረ? ስንት ዓመት ሙሉ የተነገረሽን በአንድ ደቂቃ ትረሺዋለሽ? ወሽመጤን ነው የቆረጥሽው!»

ካቴናን የሚያዋጣት ዝምታው ነበር። ነገር ግን አሰልጣኙ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ፤ ስልካቸውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገዋል።

«ተገኘ! ላይ የተሰቀለው ካሜራ ይዞታል። ልጅቷ እጅ ሰጥታለች፣ ፍጥጥ ብሎ ይታያል! ቅሬታ ለማስገባት አንድ ሰዓት አለን። አንቺ ምን እንደተሰማሽ በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። እኔ ኮሚቴውን ሳይበተን ልያዘው።» ስልኩን ለታናሽየው አስጨብጠው ሮጠው ወጡ።

ታናሽየው ምስሉን ከፈተችው። «ውይ፣ እውነትሽን ነው!» አለች በደስታ። «ይኸው፣ ይኸው! ቀበቶው ተመለሰ በይው!» ደግማ ከፈተችው። በሁለተኛው ላይ ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። በሦስተኛው ድምፁን ጨመረች፤ የሕዝቡ ጩኸት ጠባቡን ክፍል ሞላው። በዚያ ጩኸት መካከል ሁለት ጣት ዳሌ ላይ አረፈ፣ ትንኝ የማባረር ያህል። ስልኩን ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺን ነው የሰማሻት?»

«አዎ።»

«በዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ።»

ካቴና የተከፈተ ቅንድቧን በፎጣ ተጫነች።

«እኔ እኮ በተረከዜ ነው የደበደብኩት» አለች ታናሽየው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ነው የምትናገረው። «እኔ በተረከዜ ነው።»

መልሱ ካቴና ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሙዚቃው ነው፤ ያኔ ልምድ አልነበረኝም፤ ካንቺ ወዲህ ነው መጠንቀቅ የጀመርኩት። ሦስት ዓመት የተለማመደችው ነው፣ ከአፏ ለመውጣት አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም። ብትለው እህቷ ታምናታለች። ፊቷ ላይ ይታያል፤ ለማመን ዝግጁ ናት፣ እንዲያውም እየለመነቻት ነው።

«ሰምቼሽ ነበር» አለች ካቴና።

ታናሽየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ መታሁ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ነው» አለች ታናሽየው፣ ራሷን እየነቀነቀች። «ሦስት ነው አይደል? እኔ እኮ አንዴ ይሆን፣ ጭራሽ ያልመታሁትን መታሁ ብዬ ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ለምን?»

«ሳምንቱን ሙሉ አሸንፈሽኝ ነበር። ሳቁብኝ።» ካቴና ሌላ ምክንያት ብትፈልግ አልነበራትም። «ያ ብቻ ነው። ይኸው ነው።»

ታናሽየው አልጮኸችም፣ አልመታቻትም። ፕላስተሩ ያልተቆረጠለትን የእህቷን እጅ ያዘችና መቁረጥ ቀጠለች፤ ግን መሃል ላይ ተወችው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ካቴና ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ በክርኗ መለሰቻት፤ በዚያ በማይዘረጋው።

ከኮሪደሩ የአሰልጣኙ ድምፅ መጣ። «ጻፍሽ? ሰዎቹ እየጠበቁ ነው!»

«ትጽፋለች፣ ጋሼ!» አለች ታናሽየው ፊቷን እየጠረገች። «ያሸነፈችውን ለምን ትተዋለች? መጀመሪያ ግን አንድ ስልክ ትደውላለች።» ስልኩን አንሥታ ለካቴና ዘረጋችላት። «ለእማዬ ደውዪላት።»

«ቤት ስንገባ ተቀምጠን…»

«አሁን። ክንዴን በእልኼ እንዳስበላሁ ያላወራችለት ሰው የለም። እኔ በቁሜ ስሰማው ኖሬያለሁ። አሁን ነው የምትደውዪው፣ እዚሁ እኔ ፊት።»

ካቴና ደወለች። እናትየው የልጇን ፍልሚያ አይታ አታውቅም፤ በፍልሚያ ቀን ሶፋ ቤቷን ዘግታ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የምትጠብቀው። አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

«ልጄ! ተጎዳሽ እንዴ?»

«አልተጎዳሁም፣ እማዬ።»

«ተመስገን! እህትሽስ፣ አጠገብሽ ናት?»

ካቴና ቀና አለች። ታናሽየው በሩን ተደግፋ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«አጠገቤ ናት» አለች ካቴና። «የደወልኩት ስለ ክንዷ ነው።»