የሱሉልታው ገንዳና የምጽዋ ዛጎል

ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በባሕር ዛጎል ምክንያት ነው። ለሰው መናገሩ ራሱ ያሳፍራል። ሥራዬ የምግብ ጤና ቁጥጥር ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው፣ የሆቴል ባለቤት፣ ከምጽዋ በአውሮፕላን ዛጎል እያስመጣ፣ በጨው ውሃ ገንዳ አቆይቶ ካጠራው በኋላ ውስጡን በጥሬው ለእንግዶቹ ያቀርባል። ነገ ግብዣ አለው። አለቃዬ ወዳጁ ስለሆነ “ፈቃዱን ሳትፈርም እንዳትመለስ፤ ያለዚያ ሌላ ሥራ ፈልግ” ብሎ ሸኘኝ። ገንዳው ያለው ሰበታ ነው ተባልኩ።

ሰበታ

ዓለም ገናን አልፌ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተጣብቄ ስደርስ ገንዳ የሚባል የለም። ባለርስቱ “እንዲህ ያለ ርኩስ ነገር ግቢዬ አያድርም” ብለው አስነሥተውታል። ወዴት? ወደ ቡራዩ። ይሁን እንግዲህ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ በአምቦ መንገድ ወጣሁ።

ቡራዩ

እዚያም የለም! አንድ ባለሱቅ ሐጂ ሻይ አስቀድተውልኝ፣ ሽታው ገበያተኛ ስላባረረ ወደ ሱሉልታ ተወሰደ አሉኝ። ሽታ ሲሉ ሻዩን አስቀምጬ ተነሣሁ። የሸተተ ዛጎል የሞተ ነው፤ የሞተን ደግሞ ምንም ውሃ አያጠራውም። ጭቃ እየረገምኩ እንደገና ተመለስኩ፤ በድርቆሽ መኪና እንጦጦን ተሻገርኩ።

ሱሉልታ

ገንዳውን አገኘሁት። አንድ ወይፈን የፊት እግሮቹን ከትቶ ይጠጣል። ዙሪያው እበት ነው፤ ውሃው ድፍርስ። ጠባቂው ኦቦ ቶላ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ “አካም ኦልቴ” ብለው በፈገግታ ተቀበሉኝ።

ከብቱን ለምን እንደማይከለክሉ ጠየቅኳቸው።

“ሆራ ይከለከላል እንዴ ልጄ? ጨዋማ ውሃ ያገኘ ሰው የጎረቤቱን ከብት ያጠጣል። ነውር ነው።”

ውሃውን ይለውጡ እንደሆነ ስጠይቅ፣ ጨው መድፋት ኃጢአት ስለሆነ ሲጎድል ከወንዙ እንደሚጨምሩበት ነገሩኝ። ዛጎሉንስ? እሱንማ በደንብ ይጠብቁታል፤ ውሃውን የሚያጣፍጠው እሱ መስሏቸዋል።

“ኦቦ፣ ይህ እኮ የሚበላ ነው። በጥሬው።”

ወይፈኑን አዩ፣ ገንዳውን አዩ።

“ሰው ነው የሚበላው?” አሉ ቀስ ብለው።

ዛጎል የሚኖረው ውሃ እያጣራ ነው፤ በውሃው ያለውን ሁሉ በሆዱ ይይዛል። በንጹሕ ውሃ ይጠራል፤ በዚህ ግን እበቱን ነው የጠጣው። ኦቦ ቶላ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሁሉንም ቀበርነው።

ወደ ቤት

ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። “ለወዳጄ ቃል ገብቻለሁ፣ አዋረድከኝ” ብሎ ተቆጣ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ተቃጥዬ ነበርና ዝም አላልኩም።

“ጌታዬ፣ ነገ እርስዎ ይበሉ ነበር?”

“እኔ? እግዜር ይጠብቀኝ! እንዴት እበላለሁ?”

“እንግዲያው ለሚበላው ሰው ምን ብዬ ልፈርም?”

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስጠርግ ግን ይህን ተማርኩ፦ ከእንግዲህ ተጣራ፣ ጸዳ የሚባል ነገር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ከዚያው ውሃ ሌላ ማን እንደሚጠጣ ነው።