ጉድጓዱም ይረፍ

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመስኖ ማህበራችን አንድ ጉድጓድና አንድ ፓምፕ ነበረው። እኔ ሥራ አስኪያጁ ነበርኩ። ፓምፑን የሚያስነሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የእሳቸው ማሳ ውሃው መጨረሻ የሚደርስበት፣ የቦዩ ጭራ ላይ ነው። ስምንት ማንጎ ተክለው፣ ዛፎቹ ገና ማፍራት መጀመራቸው ነበር።

ዓርብ ዓርብ ፓምፑ ይቆማል። እኔ ለጁምዓ ሶላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዕቅዱ ደግሞ ሽንኩርቱ ለፋሲካ ገበያ ይድረስ ይላል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይስገዱ፤ ለዓርብ ክርስቲያን ሠራተኛ አመጣለሁ" አልኳቸው። ብልጥ መሆኔ ነው!

"ጉድጓዱም ይረፍ እንጂ፣ ልጄ።"

"ጉድጓድ ደግሞ ይሰግዳል እንዴ?"

ሳቅኩባቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉና "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ሄዱ።

ሽንኩርቱ ደረሰ። ስብሰባ ላይ ዕቅዱ ከመቶ በመቶ በላይ ተሳካ ተባለ፤ ተጨበጨበልኝ። ዓርብን ከዚያ ወዲያ ማን ያስታውሰዋል? ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ሳብን።

በቀጣዩ በጋ ፓምፑ ጭቃ ይተፋ ጀመር፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ ጭራሽ ደረቀ። በገመድ የወረደው ጉድጓድ ቆፋሪ እስከ ጉልበቱ አሸዋ ተለቅልቆ ወጣ። "ይሄ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ተኝቶ ነው የሚሞላው። ፋታ ስትነሱት አሸዋው ምንጩን ደፈነው" አለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ለእኔ የሚለቀምም አልቀረልኝ።

ማንጎዎቹ ከጫፍ ጀምረው ደረቁ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ጋሼ መጋዝ እየሳሉ ነበር።

"ምነው ጋሼ፣ ያኔ አጥብቀው ቢነግሩኝ?"

"ነገርኩህ። ሳቅክ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን እፍረቱ አልመጣልኝም፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ቆሜ ስቀር ባለ ሁለት እጀታውን መጋዝ የመጀመሪያው ዛፍ ግንድ ላይ አጋደሙት።

"በል፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ" አሉኝ።

ያዝኩላቸው። ስምንቱንም ቆረጥን።