አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ጭልፋ

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ ሴቻ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ፣ ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ጭልፋ አየሁ። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮበታል፤ የሙስሊም እንግዶች ወጥ ከሌላው እንዳይነካካ ምልክት መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ጭልፋ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጭልፋ እፈራለሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ከታች፣ ሲቀላ ሰፈር ነበር። ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት የሆነች የጋሞ ሴት ነበረች። የሷንና የኛን ቤት የሚለየው ሥጋ ብቻ ነበር። ትልቋን ልጇን ስትድር እኛና የመስጊዱ ሰዎች እንዳንቸገር ብላ ፍየል ገዛች፣ አባቴ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ድስቱንም ጭልፋውንም ከኛ ቤት ወሰደች፤ ከአሮጌ አረንጓዴ ሻሼ ቀድዳ ምልክቱን ያሰረችው እሷው ናት። ከዚያ እኔን ጠርታ፣ ይህን ድስት ላንቺ ሰጥቻለሁ፣ ዓይንሽን እንዳትነቅይ አለችኝ።

አደራ ነበር፤ ለኔ ግን ቅጣት መሰለኝ። የሙሽራዋ ታናሽ እህት የልብ ጓደኛዬ ናት። ሚዜዎቹ ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት ሴቻ ፎቶ ሊነሱ በሚኒባስ ሲወጡ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ተሳፈረች። ጥሩንባው ዳገቱን ይዞ እየራቀ ሲሄድ ፊቴ ጋለ። ንዴት መሆኑን አላወቅኩም፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት መስሎኝ ነበር።

ሙሽሮቹ ሲመለሱ ግቢው በመዝሙርና በእልልታ ተናወጠ። አንዲት ሴት ትሪ ይዛ መጥታ ከሌሎቹ እንግዶች ትልቁ ድስት ቶሎ ጨምሪልኝ አለችኝ፤ በያዝኩት ጭልፋ ጨለፍኩላት። ዓይኔ ጓደኛዬን ይፈልግ ነበር። ያንኑ ጭልፋ ወደኛ ድስት መልሼ እጀታውን ስለቅ ነው ጨርቁን ያየሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የኔ ግን የሚለቀም አልነበረም። ለሁለት ገበታ ከዚያ ድስት ሲወጣ ቆሜ አየሁ።

ያቺው ሴት፣ ማን እንደጨለፈላት ሳትጠቅስ፣ ባለ አረንጓዴው ጭልፋ ትልቁ ድስት ገብቶ ነበር ብላ ስታወራ አንድ የመስጊዳችን ሽማግሌ ሰሙ። እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አልሐምዱሊላህ እያሉ ለመታጠብ ተነሱ። ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። ጠዋት ሁለቱንም ድስት ስታማስል ያረፈደችው እሷ ስለነበረች፣ ጥፋቱ የሷ መስሏት አባቴ ፊት ቆማ "በጥድፊያ እኔ ነኝ የቀላቀልኩት" አለች። እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

እናቴ ከልጅነቴ ያስለመደችኝ ነገር ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከመስገጃው ቶሎ እንዳልነሣ፣ ቀኑን ምን እንዳደረግኩ፣ ስሠራውም ልቤ ውስጥ ምን እንደነበረ ራሴን እንድጠይቅ። ሙሐሰባ ትለዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሶላቱን አሰላምቼ ሳልጨርስ ብድግ እል ነበር። አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ ማለቱንማ እየሄድኩም እየተኛሁም እለው ነበር፤ እንጀራ አልወርድ ብሎኝ ከሳሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ነቅዞ ውስጤን ይበላኝ ጀመር።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ጁምዓ ግን ከሶላት በኋላ መስገጃው ላይ እግሬን አስሬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ረሳሁ የሚል ነበር። ከሥሩ ስፈልግ ንዴት አገኘሁ፤ ከንዴቱ ሥር ቅናት፤ ከቅናቱም ሥር ጓደኛዬ ልትተወኝ ነው የሚል ፍርሃት። ዝም ያልኩትም በፍርሃት ነው። ስሙን ሳውቀው ትንሽ ተነፈስኩ፣ ተነሥቼም ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ አልጮኸም። ሳያውቁ የበሉት ምንም የለባቸውም አለኝ። ቀጥሎም፣ "አንቺ ግን የሰው ሐቅ ይዘሻል፣ ልጄ። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ በሰውየው በር ነው የሚያልፈው" አለኝ። እሱ ወደ መስጊዱ ሰዎች ሄደ፣ እኔ ወደ ጎረቤት።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሽፈራው ቅጠል ትቀነጥስ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና በቅጠል በለሰለሰ እጇ ፊቴን ጠረገችው። "ይቅር ብያለሁ፤ ልጅ አይደለሽ?" አለችኝ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ ያን ቀን ሁለት እንጀራ በላሁ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ ወንድ ልጇን ስትድር ተጠርተን ሄድን። ከጓሮው የኛ ድስት አልነበረም። ፊታችን የተቀመጠው ከጫኖ የመጣ ማንጎና ሙዝ፣ ክዳኑ ያልተነካ ለስላሳ ነው። ለእናቴ ጎንበስ ብላ "በልጣጩ ነው፤ አልነካሁትም" አለቻት። አባቴ ምነው እህቴ፣ ያንቺን እጅ ያላመንን ማንን ልናምን ብሎ ተቆጣት።

"ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለችው፤ "እጄ ግን ፈርቷል።"

ከዚያ በኋላ ለኛ ወጥ ሠርታ አታውቅም። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ማንጎውን እየላጥኩ ቀና ስል፣ እንግዶቿ ሲበሉ ዳር ቆማ ታየን ነበር፤ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ።